የድኩላን ጽሑፍ ማንበብ፦ ባለመስመር አጋዘኖችን ለመለየት ከአራት ኪሎ የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

የድሮ አሥር ሳንቲም ቤትዎ ውስጥ ካለ ይፈልጉት። ከገበያ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ በመሳቢያ ጥግ ግን ሁለት ሦስት አይታጣም። በአንድ ፊቱ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ፊቱ ቀንዳም የዱር እንስሳ አለበት። ይህን ሳንቲም ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ለብዙ ወዳጆቼ አሳይቼ «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄያለሁ። አንዱ ድኩላ ይላል፣ አንዱ ዋልያ፣ አንዱ ሚዳቋ፤ የሚበዙት «አጋዘን» ብለው ያልፋሉ። የመጨረሻው መልስ ግማሽ እውነት ነው። እንስሳው የደጋ አጋዘን ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር ዱር አይገኝም። በ1969 ዓ.ም. ሳንቲሙ ላይ ከተቀረጸ ጀምሮ ስንት ዘመን በኪሳችን ይዘነው ዞርን፤ መልኩን ግን አላጠናነውም።

ይህ ያስቆጨኛል። የሚያስቆጨኝም ስሞቹ የራሳችን ስለሆኑ ነው። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰሜን ኢትዮጵያንና ጎንደርን የጎበኘው ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ለአበሻው ድኩላ የሰጠው ሳይንሳዊ ስም «ዴኩላ» ነው። «ቦሆር» እና «ዴፋሳ» የሚሉት ሳይንሳዊ ስሞችም ከእኛው የዱር እንስሳት፣ ከቦሆርና ከደፈርሳ፣ የተወሰዱ ናቸው፤ የእንሹ ወገን መጠሪያ የሆነው «ማዶኳ» ደግሞ ከሚዳቋ። ለዓለም ስም ያዋስን ሰዎች ባለስሞቹን መለየት ሲያቅተን ደስ አይልም።

የድኩላ የዝርያ ስም «ስክሪፕተስ» ነው፤ በላቲን «የተጻፈበት» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1766 ይህን ስም የሰጠው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፓላስ በእንስሳው ገላ ላይ ያሉት ነጫጭ መስመሮችና ነጠብጣቦች በብዕር የተጻፉ መስለውት ነበር። መመሪያውም ይህንኑ ጽሑፍ ለማንበብ የሚያግዝ ነው፤ ፊደሉን በቅደም ተከተል ለቆጠረ ሰው ማንበቡ አይከብድም።

አንደኛ፦ መነሻ ቦታዎን ይምረጡ

ወደ ባሌ ወይም ወደ አዋሽ ለመሄድ አይቸኩሉ። ዱር ውስጥ አጋዘን የሚታየው ለጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ያኔ መማር አይቻልም፤ የተማሩትን ማስታወስ ብቻ ነው። ትምህርቱን አዲስ አበባ መሐል ይጨርሱ። አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ውስጥ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ፤ ደርቀውና ተሞልተው የቆሙ የአገራችን እንስሳትን በእርጋታ ለማየት ከዚያ የሚቀርብ ቦታ አላውቅም። ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ይያዙ። ፎቶ ማንሳት ቢፈቀድልዎት እንኳን በእርሳስ ይሳሉ። ሲሳሉ «መስመሩ ከጀርባ ነው የሚጀምረው ወይስ ከጎን?» ብሎ ራስን መጠየቅ ግድ ይሆናል፤ ካሜራ ይህን አያስጠይቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በየትኛውም ሙዚየም ቢሆን የደረቀ ቆዳ ከጊዜ ብዛት ቀለሙ ይለቃል። ቀዩ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ግራጫው አፈር ይመስላል። ስለዚህ በሙዚየም ውስጥ ቅርጽንና ምልክትን እንጂ ቀለምን አይመኑ።

ሁለተኛ፦ ከቀንዱ ይጀምሩ

ብዙ ሰው በመስመሩ ይጀምርና ይሳሳታል። መስመር በጥላ ይደበቃል፣ በጭቃ ይሸፈናል፣ በእርጅና ይደበዝዛል። ቀንድ ግን አይዋሽም።

መጀመሪያ አንድ ትልቅ ስህተት እናርም። ገና በደረሰ ቁጥር በከተማችን ሱቆች መስኮት ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ ቀንድ ያለው እንስሳ ይለጠፋል፤ በአማርኛ ሲተረጎምም «አጋዘን» ይባላል። ያ እንስሳ አጋዘን አይደለም። የሰሜኑ ዓለም እንስሳ ነው፣ ቀንዱ ራሱ አጥንት ነው፣ በየዓመቱ ወድቆ እንደገና ይበቅላል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ እንዲህ ያለ ቅርንጫፋም ቀንድ ያለው የዱር እንስሳ የለም። የእኛ አጋዘን ከከብት፣ ከበግና ከፍየል ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ ነው። ቀንዱ በውስጥ አጥንት፣ በላዩ ላይ ደግሞ እንደ ጥፍር ካለ ነገር የተሠራ ቀፎ ነው። የጠጅ ዋንጫ ከበሬ ቀንድ ሲሠራ ከአጥንቱ ተላቆ የሚወጣውን ቀፎ ያዩ ሰዎች የአጋዘንንም ቀንድ አሠራር አወቁ ማለት ነው። ይህ ቀንድ አይወድቅም፣ አይከፋፈልም፤ እንስሳው እስኪሞት አብሮት ይኖራል።

ቀጥሎ ጥምዙን ይቁጠሩ። ባለመስመር አጋዘኖች ሁሉ ቀንዳቸው የተጠማዘዘ ነው፤ የወገኑ መታወቂያም ይኸው ነው። ጣትዎን (ወይም በሥዕል ከሆነ እርሳስዎን) ከቀንዱ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ ያድርጉና ጠርዙን እየተከተሉ ወደ ላይ ይውጡ። አንድ ዙር ያህል ዞሮ ቀጥ ብሎ ከወጣና አጭር ከሆነ ድኩላ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዙር ሆኖ ወፍራምና ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ የደጋ አጋዘን ነው፤ ርዝመቱም እስከ 118 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ሁለት ዙር ተኩል የሚሄድ፣ ሰፊና ባዶ ቦታ በመሐሉ የሚተው፣ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠቀለለ ቀንድ ካዩ የቆላው ትልቁ አጋዘን ነው። በዚህ እንስሳ ላይ ጥምዙን ተከትሎ የተለካው ትልቁ ቀንድ ከ187 ሴንቲሜትር ያልፋል፤ ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት አያንስም። አምባራይሌ (ትንሹ የቆላ አጋዘን) ተመሳሳይ ጥምዝ አለው፣ ግን ጠባብና ቀጭን ነው፤ ከ50 እስከ 70 ሴንቲሜትር።

ሲለኩ ሁለት ቁጥር ይጻፉ፤ በቀጥታ ከሥር እስከ ጫፍ ያለውንና ጥምዙን ተከትሎ ያለውን። ሁለቱን ያልለየ ሰው የሰማውን ቁጥር ሁሉ ያምናል።

ሦስተኛ፦ ቀንድ ከሌለውስ?

ከሌለው እንስት ሊሆን ይችላል። በአራቱም የእኛ እንስሳት፣ ማለትም በደጋ አጋዘን፣ በቆላ አጋዘን፣ በአምባራይሌና በድኩላ፣ እንስቷ ቀንድ የላትም። ከወገኑ ሁሉ በሚገዝፈው ኤላንድና በውጭ አገሩ ቦንጎ ግን ሁለቱም ፆታዎች ቀንዳም ናቸው። ይህን አንድ ነገር መያዝ ግማሽ ስህተትን ያስቀራል፤ ቀንድ የሌላትን የደጋ አጋዘን እንስት አይተው «ሚዳቋ ነች» ብለው የሚመለሱ ተጓዦች አጋጥመውኛል። ሚዳቋ መስመር የላትም፣ እጅግም ታንሳለች።

አራተኛ፦ ፊትና አንገትን ያንብቡ

እዚህ ጋ ጊዜ ይውሰዱ። ከመመሪያው ሁሉ ይህ ክፍል ይበልጥብኛል፤ ቀንድ ለሌላት እንስትም ለግልገልም የሚሠራው ዘዴ ይህ ስለሆነ።

ሦስት ቦታዎችን በተራ ይመልከቱ። የመጀመሪያው በሁለቱ ዓይኖች መካከል ነው። በቆላው ትልቅ አጋዘን ላይ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው የሚሄድ፣ እንደ ተገለበጠ ጎጆ ክዳን ወደ ታች የሾለ ነጭ ምልክት በጉልህ ይታያል። በደጋ አጋዘንም አለ። በአምባራይሌ ላይ አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ የተቋረጠ ነው። ድኩላ የለውም።

ሁለተኛው ጉንጭ ነው። በአብዛኞቹ ላይ ትናንሽ ነጭ ነጥቦች አሉ፤ በደጋ አጋዘን ጉንጭ ላይ ሁለት ናቸው። ጉንጭ ብቻውን ብዙ አይለይም፤ ይመዝግቡትና ይለፉ።

ሦስተኛው አንገት ነው፤ ወሳኙም እሱ ነው። የእንስሳውን ጉሮሮና የአንገቱን ሥር ይመልከቱ። ሁለት ነጫጭ ሰፋፊ ምልክቶች፣ አንዱ ከላይ ከጉሮሮ፣ አንዱ ከታች ከደረት አጠገብ ካሉ፣ ትልቁን የቆላ አጋዘን ከዝርዝርዎ ይሰርዙት፤ እሱ እነዚህ የሉትም። በእነሱ ፈንታ ወንዱ ከአገጩ እስከ ደረቱ የሚወርድ ረጅም የጸጉር ዘርፍ አለው፤ ጢም ይመስላል። የአምባራይሌ ሳይንሳዊ ስም «ኢምበርቢስ» ትርጉሙ «ጢም የለሽ» መሆኑም ከዚህ ንጽጽር የመጣ ነው። ሰሎሞናዊ ፍርድ አያስፈልግም፦ ጢም ካለው ትልቁ፣ ጢም የሌለውና በአንገቱ ሁለት ነጭ ምልክት ያለው አምባራይሌ።

አስቸጋሪው ነገር የአንገት ነጭ ምልክት ለደጋ አጋዘንም ለድኩላም መኖሩ ነው። ሦስቱን በአንገት ብቻ መለየት አይቻልም። ለዚህ ነው ጀርባ የተፈጠረው።

አምስተኛ፦ አሁን መስመሩን ይቁጠሩ

መስመሮቹ ከጀርባ አጥንት ተነሥተው በጎን በኩል ወደ ሆድ ይወርዳሉ። ከትከሻ ጀምረው ወደ ዳሌ ይቁጠሩ፤ አንድ ጎን ብቻ ይቁጠሩ፣ የትኛውን ጎን እንደቆጠሩም ይጻፉ። የግራውና የቀኙ አይመሳሰሉም። አንዱ ግለሰብም ከሌላው አይመሳሰልም፤ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን እንስሳ በመስመሩ አቀማመጥ ለይተው መከታተል የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። እኛ በፊርማ እንደምንታወቀው እነሱ በጎናቸው ይታወቃሉ።

አምባራይሌ በዚህ ፈተና አንደኛ ይወጣል። ከ11 እስከ 14 የሚሆኑ ቀጫጭን፣ ጥርት ያሉ፣ በኖራ የተሰመሩ የሚመስሉ መስመሮች አሉት። ትልቁ የቆላ አጋዘን ከ4 እስከ 12 የሚደርሱ አሉት፤ ክፍተታቸው ሰፊ ነው። የደጋ አጋዘን ግን ሰውን ያሳስታል። በጀርባው ላይ ከ2 እስከ 5 ደብዛዛ መስመሮች፣ ወደ ዳሌው ደግሞ ጥቂት ነጭ ነጠብጣቦች ናቸው ያሉት፤ ሽማግሌ ወንድ ላይ እነሱም ጠፍተው ግራጫ ብቻ ይቀራል። ከአንገቱ ጀምሮ በጀርባው የሚሄድ አጭር የቆመ ጋማም አለው። ስለዚህ አንገቱ ሁለት ነጭ፣ ጀርባው ባዶ ሊባል የሚችል፣ ገላው ትልቅ ከሆነ የደጋ አጋዘን ነው፤ ጀርባው በመስመር የተሞላና ገላው ቀጠን ያለ ከሆነ አምባራይሌ።

ድኩላ እንደሚኖርበት አገር ይለያያል። በምዕራብ ቆላ የሚገኘው ቀይና ብዙ ጽሑፍ ያለበት ነው፤ ነጭ መስመርና ነጠብጣብ ተሰባጥረው በጎኑ ላይ ይወርዳሉ። በደጋው ጫካ የሚኖረውና በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚጠራው የምኒልክ ድኩላ ደግሞ ወንዱ ጸጉሩ ረዘም ያለ፣ ጥቁር ለመባል ጥቂት የቀረው ነው፤ መስመር የለውም ለማለት ያስደፍራል። እንስቲቱ ቀላ ያለች ቡናማ ናት። ወንዱንና እንስቲቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ሁለት የተለያዩ እንስሳት ቢመስሉት አይፈረድበትም።

መስመሩ ለምን አስፈለገ? ብርሃን በቅጠልና በቅርንጫፍ መሐል ሾልኮ ሲወርድ መሬቱ ላይ ጥላና ነጭ ጭረት ይሠራል። ቆሞ የሚጠብቅ ባለመስመር እንስሳ በዚያ ብርሃን ውስጥ ቅርጹ ይበተናል፤ ጀርባው የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። አጋዘን ሰው ሲሸተው ወዲያው የማይሮጠው፣ ድርቅ ብሎ የሚቆመውም ለዚህ ነው። መስመሩና ጸጥታው አብረው ይሠራሉ።

ስድስተኛ፦ መጠኑን ከሚያውቁት ከብት ጋር ያነጻጽሩ

ኪሎግራም በዱር ውስጥ አይታይም። ድኩላ ደህና ፍየል ያህላል፤ ወንዱ እስከ 80 ኪሎግራም ሊደርስ ይችላል። አምባራይሌ ትከሻው አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ወንዱ ወደ 100 ኪሎግራም፣ እንስቷ ከ56 እስከ 70። የደጋ አጋዘን ወንድ ከ180 እስከ 300 ኪሎግራም ይመዝናል፤ ኮርማ ባይሆንም የደረሰ ወይፈን ያስታውሳል። የቆላው ትልቅ አጋዘን በክብደት ይቀራረበዋል፣ ግን እግሩ ረዥም፣ ትከሻው እስከ 160 ሴንቲሜትር፣ ጆሮውም እንደ ማንኪያ ሰፊና ክብ ነው። ከሁሉም የሚገዝፈው ኤላንድ ነው፤ ከአንገቱ ሥር የተንጠለጠለው ቆዳና ደንዳና ትከሻው የኛን በሬ ያስመስለዋል፣ ትልቅ ወንድ ከ900 ኪሎግራም ሊያልፍ ይችላል። ሲራመድ ከእግሩ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። በአገራችን በኦሞ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል።

ሰባተኛ፦ «የት ታየ?» ብለው ይጠይቁ

ይህ ጥያቄ አጭር ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ክርክሩን ይዘጋል። ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ውርጭ አገር፣ በአስታና በጽድ መካከል ከሆነ የደጋ አጋዘን ነው፤ ባሌ፣ አርሲና ምዕራብ ሐረርጌ አገሩ ናቸው። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ቁጥቋጦ ውስጥ ከሆነ ሁለቱን የቆላ አጋዘኖች ያስቡ። በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ ከሆነ ባለመስመር አይደለም፣ ዋልያ ነው።

የሚያምታቱ፣ የውጭ ዘመዶችና ሐሰተኛ ተመሳሳዮች

«ኒያላ» የሚለው ስም ከመድን ድርጅት እስከ ሲጋራ ፓኮ አዲስ አበባን ሞልቷታል። ቃሉ ግን ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው፤ ባለቤቱም እዚያ፣ በሞዛምቢክና በአካባቢው ቆላ የሚኖር ሌላ እንስሳ ነው። የዚያኛው ወንድ ጠጉራምና ጥቁር ቡናማ፣ የእግሩ ታችኛ ክፍል ብርቱካናማ ነው፤ እንስቷ ደማቅ ቀይ ሆና አሥርና ከዚያ በላይ ነጭ መስመሮች አሏት። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ላይዴከር የእኛን የደጋ አጋዘን እ.ኤ.አ. በ1910 ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ ያንን ስለመሰለው ነው «የተራራ ኒያላ» የሚለው የፈረንጅ ስም የተጣበቀው። የዘረመል ጥናት ግን የእኛው እንስሳ ለድኩላና ለቦንጎ ወገን እንደሚቀርብ አሳይቷል። እኔ በበኩሌ «የደጋ አጋዘን» የሚለውን ስም እመርጣለሁ፤ ከውሰት ስሙ የተሻለ እውነት ይናገራል።

ቦንጎ በኢትዮጵያ የለም። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደን እንዲሁም በኬንያ ተራሮች ይኖራል፤ ደማቅ ቀይ ቡናማ ገላው ላይ ከ10 እስከ 15 ነጭ መስመሮች አሉት፤ ከወገኑ ሁሉ ውበቱ ይገንናል ብል አልሳሳትም። በላይቤሪያና በሴራሊዮን ደኖች ደግሞ ሥርዓቱን የገለበጠ አንድ ትንሽ እንስሳ አለ፤ በፈዛዛ ገላ ላይ ጥቁር መስመሮች ተጋድመውበት የሜዳ አህያ ግልገል ይመስላል። ቀንዱ አይጠማዘዝም፤ የሚዳቋ ወገን ነው።

ሳላን ከእነዚህ ጋር አያምታቱ። ፊቱና ጎኑ ላይ ጥቁር ምልክት አለ፤ ግን የጎኑ መስመር አግድም የሚሄድ አንድ ብቻ ነው፣ ቀንዱም እንደ ጦር ቀጥ ያለ ነው።

ስምንተኛ፦ ከከተማ መውጣት

በሙዚየም ሦስት ጊዜ ያህል ከሳሉ በኋላ ይውጡ። ለመጀመሪያ ቀን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ጫካ እመክራለሁ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ያስጠበቁት ነው ተብሎ ይነገራል። የምኒልክ ድኩላ እዚያ አለ። ንጋት ላይ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሂዱ፤ ደማቅ ልብስ አይልበሱ፤ ነፋሱ ከእንስሳው ወደ እርስዎ እንዲነፍስ አድርገው ይቀመጡ። ድኩላ ብቸኛ ነው፤ መንጋ አይጠብቁ። ዓይንዎ ጫካውን በሙሉ አይፈልግ፤ የጫካውን ጠርዝ ብቻ፣ በወገብ ከፍታ ይቃኝ።

ለደጋ አጋዘን ባሌ ይሂዱ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዲንሾ አጠገብ ያለው የጋይሳይ ሣር ሜዳ ይህን እንስሳ በግልጽ ለማየት የሚሻለው ቦታ ነው። መኪናውን አቁመው ሞተሩን ያጥፉ። ከመንጋው መጀመሪያ የሚታዩት እንስቶቹ ናቸው፤ ፊት፣ ጉንጭ፣ አንገት ብለው በተራ ያንብቡ፣ ከዚያ ጀርባ። ሲደነግጡ ጅራታቸውን ያነሣሉ፤ ከሥሩ ያለው ነጭ ከሩቅ ይታያል።

ጫካው ውስጥ ደግሞ ማንም ሳይታይ በድንገት እንደ ውሻ ያለ ሻካራ ጩኸት አንዴ፣ ሁለቴ ቢሰሙ ውሻ አይፈልጉ። ድኩላው እርስዎን ቀድሞ አይቶዎታል። ባሉበት ይቁሙና ሰዓቱንና ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ ደብተርዎ ላይ ይጻፉ፤ በማግስቱ ንጋት ወደዚያው ቦታ ይመለሱ።